ማንም ያልፈለገው ገና

ቨርላ ስታምፍ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። የሟች ባሏን የልደት ቀን ብዙ ጊዜ ረስታለች። ወደ አሜሪካ የፈለሱት የጥንቶቹ ሰፋሪዎች በመጀመሪያው የምስጋና ማዕድ ምን እንዳልበሉ ግን ረስታ አታውቅም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚከበረው የምስጋና ቀን ሰው ለመጉረስ አፉን ሲከፍት ትጀምራለች።

«ድንች አልነበረም። የዱባ ፓይም አልነበረም። ሹካ እንኳ አልነበራቸውም።»

«ተመስገን፣ እኛ አለን» ይላል ወንድሟ ኦሪን፣ ድንቹን በሹካው እየዛቀ። በበዓል ቀን ከዚህ ሌላ ብዙም አይናገርም።

እናታቸው የተወችላቸው አንድ ሕግ አለ። የምስጋና ቀን እራት ሲያበቃ፣ አምና ከበዓሉ ተርኪ ዶሮ ደረት ወጥቶ መስኮት ላይ የደረቀው ባለ ሁለት እግር አጥንት ይቀርባል። ቨርላና የኦሪን ሚስት ማርዴል አንድ አንድ እግሩን ይዘው ይጓተታሉ። አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ጭንቅላቱ በእጇ የቀረላት የዚያን ዓመት ገና ትደግሳለች። ሕጉ የወጣው ሁለቱም ለመደገስ በሚሻሙበት ዘመን ነበር።

ሁልጊዜ የምታሸንፈው ቨርላ ናት። ሽልማቱም ሃም የሚባለውን የአሳማ ሥጋ መጋገር፣ ዛፍ ማቆምና የማርዴል የልጅ ልጆች ምንጣፍ ላይ ያጣበቁትን ከረሜላ በቢላዋ መፋቅ ነው። ማርዴል «ምን ይደረግ፣ ዕድል የለኝም» ትልና ሁለተኛ ቁራሽ ፓይዋን ታነሳለች። እዚያ አገር ለዘመድ «ደክሞኛል» ማለት ከስድብ አይሻልም። ስለዚህ ቨርላ «ደስ ይለኛል» ትላለች።

ዘንድሮ ጉልበቷን ታመመች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገናን በቢጃማ፣ ከአይብና ከቴሌቪዥን ጋር ብቻዋን ማሳለፍ። የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅ ያነሳችው መጽሔት ስለዚያ አጥንት ይተርክ ነበር። አጥንቱን ዝም ብሎ የያዘ ጭንቅላቱን ያገኛል፣ የጎተተ ያጣል ይላል። ቨርላ ጨዋ ስለሆነች ጎትታ አታውቅም። ማርዴል ግን በየዓመቱ እንደ እርሻ በሬ ነው የምትጎትተው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የምስጋናው ቀን ደረሰ። ተርኪው ተበላ፣ አጥንቱም ቀረበ።

«ያዢ እንግዲህ፣ ዕድለ ቢሷ» አለች ቨርላ።

«በርቺ የኔ እመቤት። ሃሙን እንዳምናው እንዳታደርቂው ብቻ።»

ቨርላ ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተች። ማርዴል ደንግጣ አየቻትና የባሰ ጎተተች። ወንበሮቹ ተንቋቁ፤ ከቆርቆሮው ወጥቶ የቆርቆሮውን ቅርጽ እንደያዘ የቆመው ቀይ ማርማላታ ተንቀጠቀጠ።

«ዘንድሮ ምን ሆነሽ ነው የምትጎትቺው?»

«አንቺስ ሁልጊዜ ምን ሆነሽ ነው?»

ማርዴል ጆሮዋ ቀላ። «ማን ነገረሽ?»

አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሁለቱ እግሮች በሁለቱ ሴቶች እጅ ቀሩ፤ ጭንቅላቱ ተፈናጥሮ የኦሪን ድንች ላይ አረፈ። አንስቶ መረቁን ላሰው።

«ጭንቅላቱ የደረሰው ነው የሚደግሰው» አለች ማርዴል በፍጥነት።

«እሺ» አለ ኦሪን። «ቤታችን ሰፊ ነው።»

ማርዴል ያን ጊዜ ነው የማን ኩሽና እንደሆነ የታወሳት። ወደ ቨርላ ዞረች። «መቼም መጥተሽ ታግዥኛለሽ።»

ቨርላ «ደስ ይለኛል» ልትል አፏን ከፈተች። ጉልበቷ ጠዘጠዛት።

«አልመጣም» አለች። «ደክሞኛል።»

ማርዴልና ኦሪን ማዕዱ ላይ ሬሳ የወደቀ ያህል አፈጠጡባት። ማርዴል የያዘችውን የአጥንት እግር ስታገላብጥ ቆየች።

«እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«አሁን አልኩት እኮ።»

«እንግዲያው እኔም ደክሞኛል» አለች ማርዴል፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ሾርባ በከንፈሯ እየሞከረች። ሁለቱም ኦሪንን አዩት።

የገና ቀን እኩለ ቀን ላይ ቨርላ በቢጃማ ሶፋዋ ላይ ተጋድማ አይብ ስትቆርስ ስልኳ ጮኸ።

«ሃሙ ላይ ያለው ፕላስቲክ ይወልቃል እንዴ?» አለ ኦሪን።

«ምድጃ ውስጥ ሳይገባ በፊት ይወልቃል።»

ኦሪን የምድጃውን በር ከፈተ። ከኋላው የልጆች ሳልና የመስኮት መከፈት ተሰማ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ማርዴል ከመኝታ ቤት ሆና «እኔን እንዳትጠሩኝ» አለች።

«ኦሪን፣ ዳቦ አለህ?»

«አለ።»

«ልጆቹን ዳቦ አብላቸው» አለችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች።