ሁለቱ ኤረኖች

ኤረን ዲማርኮ ከኒው ጀርሲዋ ፓተርሰን ወደ ሰሜን ሚኒሶታ የመጣችው ዳሌዋ የተሰበረባትን አክስቷን ለሁለት ሳምንት ልታስታምም ነበር። አክስቲቱ ድና ጭፈራ ቤት መሄድ ጀመረች፤ ኤረን ግን በዚያው ቀረች። አጭር፣ ፈጣን፣ ስታወራ እጇ ከአፏ የሚቀድም ሴት ናት። እኔ ቀለም በምሸጥበት የእንጨትና የግንባታ ዕቃ መደብር ተቀጠረች፤ ጣጣው የመጣው በመጀመሪያው ሰኞ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅ ማጉያውን ለማንም ያላስነካችው ማርሊስ፣ «ኤረን፣ ወደ ጣውላ ክፍል!» ብላ ጠራች። ኤረን ሮጣ ስትደርስ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ የዕቃ ማንሻ መኪና (ፎርክሊፍት) ነጂ ቆሞ ይጠብቃል።

«ማን ጠራህ?»

«ኤረን ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ኤረን እኮ እኔ ነኝ!»

«እኔም ነኝ» አለና እስከ ጆሮው ቀላ።

ኤረን ደረቱ ላይ ያለውን የስም ካርድ አነበበችና ጮኸች። «አንተማ አረን ነህ! አ-ረን! እኔ ነኝ ኤረን!»

ነጂው በአባቱ ስም ሊንድክቪስት የሚባል ደግና ዝምተኛ ሰው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜው አረን ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ሁለቱ ስሞች አጻጻፋቸው ቢለያይም በእኛ አገር አፍ ሁለቱም ኤረን ናቸው፤ በፓተርሰን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ከዚያ ወዲያ በቀን አሥር ጊዜ ሁለቱም እየሮጡ በር ላይ ይጋጩ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ኤረን በምሳ ሰዓት ሰብስባን የቀለም ባልዲ ላይ ወጣች።

«ሐኪም ጉሮሯችሁን ሲያይ ምን በሉ ይላችኋል?»

«አአአ!»

«እሱን ያዙና፣ አአአ-ረን!»

«አአአ... ኤረን!» አልን አሥራ አንዳችንም።

«ኧረ በፈጠራችሁ! እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ምን ይመልሳችኋል?»

ሚስማር ሊገዛ የገባ ደንበኛ አፉን የከፈተ ሠራተኛ ብቻ ሲያይ ጋዝ ያፈነን መስሎት ሮጦ ወጣ። ማርሊስ ተቆጣች። «ዶግን ‹ዱዎግ› የምትይ ሴትዮ ነሽ እኛን የምታስተምሪ?»

«ባግን ‹ቤግ› ከሚል ሰው እሻላለሁ!»

ረጅሙ ኤረን ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። የጥርሱን መልክ ያን ቀን አየን።

ነሐሴ ላይ ሐይቁ ዳር ዓመታዊው ባዛር ሆነ። እሷ ብሉቤሪ በሚባል ፍሬ ለሚሞላ የፓይ ኬክ ውድድር፣ እሱ ለግንድ ማሽከርከር በስልክ ተመዘገቡ። ግንድ ማሽከርከር ማለት ሁለት ሰው ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ግንድ ቆሞ፣ አንዱ እስኪወድቅ በእግር ማዞር ነው። መዝጋቢው በሁለቱም ዝርዝር ላይ «ኤረን፣ ከእንጨት መደብሩ» ብሎ ጻፈ።

«ለግንድ፣ ከእንጨት መደብሩ ኤረን!» ሲባል ውኃው ዳር የነበረችው እሷ ናት።

«ስህተት ነው በያቸው!» አልኳት።

«ተጠርቻለሁ አይደል?» ብላ ጫማዋን ወረወረችልኝ።

ተጋጣሚዋ ሦስት ዓመት ያልተሸነፈች የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ኤረን ግንዱ ላይ እንደወጣች በፓተርሰንኛ እየተሳደበች፣ እጇን እንደ ወፍጮ እያሽከረከረች ወደ ኋላ ትሮጥ ጀመር። አስተማሪዋ አንድ ጊዜ አየቻት፤ ደግማ አየቻት፤ ከዚያ ሳቋ አሸነፋትና ቧ ብላ ወደቀች። ኤረን አሸነፍኩ ብላ እጇን ስታነሳ ራሷም ተከትላ ወደቀች።

በዚያው ሰዓት ረጅሙ ኤረን የፓዩ ድንኳን ውስጥ ነበር። የእሷን ፓይ ሊያይ መግባቱን እስከ ዛሬ ምሎ ይክዳል። ስሙ ሲጠራ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና ዳኞቹ ፊት ቀረበ።

«ሊጡን እንዴት ብታደርገው ነው እንዲህ የሳሳው?»

«እኔ... ግንድ ነበር የተመዘገብኩት።»

ዳኞቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ የሁለተኛነቱን የሽልማት ሪባን ደረቱ ላይ ሰኩለት። ወዲያው ከውጭ «ኤረን ሰመጠች!» የሚል ጩኸት ሰማ። ከነቦት ጫማው፣ ከነሪባኑ ዘሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

«ወገቤ ድረስ ብቻ እኮ ነው» አለችው ቆማ።

«አላየሁም።»

«ደረትህ ላይ ያለው የኔ ሪባን ነው?»

«ሁለተኛ ወጣሽ።»

«አንደኛዋ ማን ናት?» ብላ ልትወጣ ስትል እጇን ያዛት። ዝምተኛው ሰውዬ፣ መቶ ሰው እያየ፣ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ «ቅዳሜ ኤረንን እራት ልጋብዝ ነበር» አለ።

«የትኛውን?»

«ሌላኛዋን።»

በተከታዩ ሰኔ ተጋቡ። ፓስተሩ ገና «ኤረን፣ ኤረንን...» ሲሉ ሁለቱም «አዎ!» ብለው ቀደሟቸው። «ረጋ በሉ እንጂ፣ ልጆቼ!» አሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተናወጠ።

ሴት ልጅ ስትወለድ ነገሩ ተካረረ። እናትየው ዶን ልትላት ፈለገች፤ ጎህ ማለት ነው። የአባትየው ወንድም ደግሞ ዳን ነው፤ በእኛ አፍ እሱም ዶን ነው። ስለዚህ በአንድ ስልክ የፓተርሰኗን አያት፣ በሌላው የእኛ አገሯን አያት አቀረቡና ስም በስም አስጠሯቸው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ስላልጠሩት ሃያ ሁለት ስም ወደቀ። የፓተርሰኗ አያት «እኔ ልክ ነኝ፣ እሷ ናት የተሳሳተችው!» እያሉ ያስቸግራሉ፤ የእኛዋ በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

በመጨረሻ ኤረን «እስቲ ሩት በሉ» አለች።

«ሩት» አሉ ሁለቱም አያቶች፣ አንድ ሰው የተናገረ ይመስል።

ረጅሙ ኤረን ማንም ሐሳቡን ሳይቀይር ፈጥኖ የልደት ወረቀቱ ላይ ጻፈው።