ጥበቡ ዝናብ ሲጠብቅ

«ዝናቡስ ያባራል፣ ሰማይም አልጠላኝ…»

ጥበቡ ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር የሚያንጎራጉረው ይህችን ስንኝ ነው። ከአባቱ አፍ የሰማት ናት፤ አባቱ ሲሞቱ ግን ሁለተኛዋን ስንኝ ይዘዋት ሄዱ። ስለዚህ እዚያ ሲደርስ፣ ምስማሮቹን በከንፈሩ እንደያዘ «ህም፣ ህም፣ ህም» ይልና ቀሪውን በመዶሻው ይጨርሰዋል። መቱ ውስጥ ያንን ዜማ የሰማ መንገደኛ ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ጋሽ ጥበቡ ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት እያለበሱ ነው?» ይላል።

ድርጅቱ ትንሽ ናት፤ ጥበቡ፣ የልጅነት ጓደኛው ሱሌማን፣ ስድስት ሠራተኞች፣ አንዲት ስታስነጥስ የምትውል የሲሚንቶ ማቡኪያ። ዳሪሙ ውስጥ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ቆርቆሮውን በትከሻ አስወስደው ትምህርት ቤት ከድነዋል። ኖፓ ላይ የተሰነጠቀ ግድግዳ ጠግነዋል፣ የዘመመ አጥር አቅንተዋል። እነሱ ካልደረሱለት ቤት ይልቅ የደረሱለት ይበዛል።

ታዲያ ጥበቡ አንድ ልማድ አለው። የከደነውን ጣሪያ ዝናብ ሳይፈትነው ከዚያ ቤት እህል አይቀምስም። ቅቤ የቀለጠበት ወጥ ይቅረብ፣ ማር ከነሰፈፉ ይምጣ፣ «ዝናቡ ይቅደመኝ» ይላል። በኢሉባቦር ሰማይ ሥር ይህ ብዙ አያስርብም፤ ጠዋት የተከደነ ቤት ማታ ይፈተናል።

ልማዱ የተወለደው እዚያው ኢሉባቦር፣ ቡሬ ነው። በ1994 ዓ.ም.፣ ድርጅቷ ገና ታፔላ ሳትሰቅል፣ እትዬ ፈትለወርቅ ልጃቸውን ህሊናን ሊድሩ ቤት አሠሩ። አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ሲቀር ከታች «ምሳ ቀረበ!» አሉ። የወጡ ሽታ መሰላሉን ወጥቶ መጣ። ጥበቡ ወጣት ነበር፣ ርቦትም ነበር፤ ቸኮለ። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ እሱ ግን ያችን አንዲት ረድፍ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ መታት። ወርዶ እጁን ታጠበ፤ ጠግቦ በላ፤ ተመርቆ ሄደ።

በሠርጉ ዕለት ዘነበ። ውሃው ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል ሙሽሮቹ ራስ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ዣንጥላ ዘርግቶ ያዘላቸውና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ህሊና አለቀሰች። በማግስቱ ጥበቡ መሰላሉን ተሸክሞ ሊያስተካክል ሲመጣ፣ እትዬ ፈትለወርቅ በራቸው ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ አሉት፦

«በልተህ ሄድክ፣ አይደል?»

ጣሪያውን ሌላ ሰው ጠገነው። ያቺ ቃል ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጥበቡ ጉሮሮ ቆማ ቀረች።

በ2016 ጥር ሲገባ የእትዬ ጎረቤት ዲሪቤ ደወለች።

«ጋሼ፣ የእትዬ ፈትለወርቅ ጣሪያ ዝጎ አልቋል። ‹ዝናብ ጠብቆ የሚበላ ሰው አለ አሉ፣ እሱን ጥሪልኝ› አሉኝ።»

«እኔ መሆኔን አውቀዋል?»

«ስምዎን ነገርኳቸው። ‹ይምጣ› አሉ።»

ሄደ። አሮጌውን ቆርቆሮ አውርደው አዲሱን በአምስት ቀን ከደኑ። እያንዳንዷን ምስማር ጥበቡ ራሱ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራና አልዘንብ አለ።

እትዬ ጎደሬ ቀቅለው ከዳጣ ጋር ለሠራተኞቹ አቀረቡ። ጥበቡን ግን በበሩ በኩል አይተው «አንተ ዝናብህን ጠብቅ!» አሉት። ግባ አላሉትም። ግቢው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከኪሱ ቆሎ ቆረጠመ። የጓጓው ለጎደሬው አልነበረም፤ ከዚያ በር «ግባ» የምትል ቃል ብትወጣለት ነበር።

ሠራተኞቹ ወደ መቱ ተመለሱ። ሱሌማን ጓደኛውን ጥሎ አልሄደም፤ ጎደሬውንም ጥሎ አልሄደም።

«ባልዲ ውሃ እናፍስበትና ገላግለን» አለው።

«ባልዲ ከላይ ነው የሚፈስሰው። የቡሬ ዝናብ ነፋስ ይዞ በጎን ነው ሰርቆ የሚገባው።»

«ወላሂ፣ ረመዳንን ብትጾም ከእኔ ትበልጥ ነበር!»

ጥበቡ እየጠበቀ የበሩን ማጠፊያ ቀየረ፤ የዶሮዎቹን ቤት ከደነ። በአራተኛው ቀን እትዬ ሱሌማንን «ይህን አመል ማን አስያዘው?» ብለው ጠየቁት።

ሱሌማን የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ፣ «እርስዎ ነዎታ፣ እትዬ» አለ።

 ማታ እትዬ ፈትለወርቅ ገብስ ቆልተው ለዲሪቤ ሰጧት። «ከራስሽ ቤት እንደመጣ አድርገሽ ስጪው፤ የእኔ መሆኑን ካወቀ አይበላም» አሏት። ጥበቡ ቆሎውን አመስግኖ በላ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ዲሪቤ «ቦካን ዱፌ! ዝናብ መጣ!» እያለች ያሰጣችውን ቡና ልትሰበስብ ሮጠች። ዝናቡ ከጎሬ በኩል ጋራውን ለብሶ መጣ።

የእትዬ ዓይን ደክሟል፤ ስለዚህ ቤቱ መሀል ቆመው ጆሯቸውን ሰጡ። ጥበቡ ደጃፉ ላይ ዝናቡ እየወረደበት ቆመ።

«እትዬ፣ ጠብ አለ?»

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው!»

እትዬ ያኔ በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ተቀምጠውበት በነበረው ቦታ ቆሙ፤ ወደ ጓዳ አለፉ፤ ተመለሱ። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው፣ ዝም ብሏል። ሱሌማን ጥግ ላይ ማላመጡን አቁሟል።

«አንተ!» አሉ በመጨረሻ። «ደጅ ቆመህ ለምን ትበሰብሳለህ? ቤቴ አያፈስም። ግባ። ብላ።»

ጥበቡ መግባቱን ትቶ ቆሞ ቀረ። ከዚያ የጠፋችው ስንኝ ከዝናቡ ጋር የወረደች ያህል ከአፉ ወጣች፦

«ግባ፣ ብላ በይኝ፣ ብርዱ እንዳይጎዳኝ።»

«ምን አልክ?»

«የአባቴ ዘፈን ናት፣ እትዬ። ጠፍታብኝ ነበር።»

«እንኳን ተገኘች። ኮትህን አውልቅ።»

ራሳቸው አስታጠቡት። ጎደሬው ይተናል፤ ዳጣው ጎኑ አለ። ጥበቡ ቆሞ እንዳለ እጁን ሲሰድ፣ እትዬ ፈትለወርቅ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

«ተቀመጥና ቀስ ብለህ ብላ» አሉት። «ዛሬ የቀረ ረድፍ የለም።»

ጥበቡ ተቀመጠ። በላም።