ሁለት ጾመኛና አንድ ውሃ ጠጪ

ሐሙስ ዕለት ቀትር ላይ... ከመርሳ ወደ ግራና ስንሄድ መኪናዬ እንደገና አፈላብኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ይመር ረመዳን ይዘዋል። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ከሦስታችን ውሃ የሚጠጣው መኪናው ብቻ ነበር... እሱም አልጠግብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሸና ዕቃ አራግፌ በማለዳ ነው የወረድኩት። ሐሳቤ መርሳ ቤቴ ገብቼ ጋደም ማለት ብቻ ነበር። ወልድያ ላይ ግን አንድ መካኒክ ወዳጄ ያዘኝ። «እኚህን አባት ሞተራቸውን ጎትተህ አድርስላቸው» አለኝ። የመስኖ ውሃ የሚስቡበት ሞተር ተበላሽቶባቸው ተሠርቷል፣ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይም ተጭኗል። የሚጎትተው ግን ጠፍቷል። የኔ ፎር ዊል ደግሞ ከኋላው መጎተቻ አለው።

ጋሽ ይመር ብዙ አልለመኑኝም። «ሽንኩርቱ ውሃ ካየ ሰነበተ ልጄ። ዛሬ ካልጠጣ የበጋ ልፋቴን አፈር በላው» ብቻ አሉ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን እምቢ ይላል?

መርሳ ስንደርስ የቤቴን በር በመስኮት አይቼ አለፍኩት። ልቤ እዚያው ቀረ።

መኪናው መሞቅ የጀመረው ገና ከወልድያ እንደወጣን ነው። የሙቀት ጌጁ ቀዩን ሲነካ እቆማለሁ፣ ኮፈን እከፍታለሁ፣ ሲበርድ ውሃ ጨምሬ እሄዳለሁ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ያው ነው። ቺንጊያውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ አየሁ... ደህና ነው። ቬንትሌተሩ ይዞራል። የሚያፈስ ነገር የለም። «ጭነቱ ነው» አልኩ ለራሴ። ሲጨንቀኝ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃትን ዘዴ አመጣሁ፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ጋቢና እንዲወጣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። በሐብሩ ቆላ ፀሐይ... በጾም አፍ... ማሞቂያ።

ጋሽ ይመር ላባቸውን በፎጣቸው ደጋግመው ጠረጉ። በኋላ ዞር አሉና «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ግራና ነው ያልኩህ... ጀሀነም አላልኩህም።»

ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

በመጨረሻ ቤት በማይታይበት ጠጠር መንገድ ላይ አቆምኩት። የያዝኩት ውሃ አልቋል። የቀረችው ጋሽ ይመር ለሶላት መታጠቢያ ብለው በትንሽ ጀሪካን የያዟት ውሃ ናት። እሷንም አንስተው ሰጡኝ።

«አይሆንም ጋሽ ይመር፣ ለውዱእ አይደል የያዟት?»

«እኔ በአፈር ተየሙም አደርጋለሁ። አላህ ውሃ ላጣ ሰው አፈርን ፈቅዷል። ለመኪናህ ግን አልፈቀደም።»

ራዲያተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ሞላሁት። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነበር። ተጎታቹን ፈትቼ ሞተሩን እዚያው ጥዬ ለመመለስ ነበር ያሰብኩት። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ስለጠፋኝ ጎማው ጥላ ሥር ቁጭ አልኩ።

«የዙሁር ሶላት ደርሷል» አሉ። «የምትነጠፍ ነገር አለችህ? መሬቱ እሳት ነው።»

«ያገኙትን ይውሰዱ» አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።

በመኪናው ፊት በኩል አንድ ነገር ሲጎትቱ ሰማሁ። ካርቶን ነው። አነጠፉና ሰገዱ። ዱዓቸውም ረጅም ነበር፤ ለሽንኩርቱ፣ ለኔ፣ ለመኪናውም ጭምር። ከዚያ ካርቶናቸውን አጣጥፈው ገቡና «በል አስነሳው» አሉኝ።

አስነሳሁት። ጌጁ ግማሽ ላይ ቆመ። ዳገቱን ወጣን... ግማሽ። ማሞቂያውን ዘጋሁት... አሁንም ግማሽ። ጸጉሬ ቆመ። ጋሽ ይመር ከንፈራቸውን ባነቃነቁ ቁጥር እኔም «አሚን» ማለት ጀመርኩ።

ግራና ልንገባ ስንል ነው እግራቸው ሥር ያለችውን ካርቶን ልብ ብዬ ያየኋት። የፓስታ ካርቶን... የራሴ ካርቶን። ጋሸና ውርጩ ከባድ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ብዬ፣ ንፋስ እንዳይገባ ማለዳ ራዲያተሩ ፊት የሸጎጥኳት። ቆላ ስወርድ ማውጣት ነበረብኝ። ድካም አደንዝዞኝ ረሳኋት፤ ኮፈን ስከፍትም ከታች ስለነበረች አላየኋትም። መኪናውን አፍንጫውን አፍኜ ውሃ ሳጠጣው ነው የዋልኩት።

ማሳቸው ደረስን። ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው በቦዩ ሄዶ ከጠወለገው ሽንኩርት ሥር ገባ። ጋሽ ይመር ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብለው ውሃውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉት... አልጠጡም። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ደስ አለኝ፣ ያ ሁሉ ድካምም ለቀቅ አደረገኝ።

ዝም ብዬ መሄድ ግን ከበደኝ። «ጋሽ ይመር» አልኳቸው፣ «ዱዓው እኮ አይደለም። መኪናውን ያፈነችው ያቺ የሰገዱባት ካርቶን ናት። እኔ ነኝ የረሳኋት።»

ካርቶኗን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ታዲያ ካርቶኗን ከዚያ ያወጣት ሶላቱ አይደል?»

 ካርቶኗን ለሳቸው ትቼላቸው መጣሁ... መኪናው ጋሸና ላይ ቢበርደው ይቻለው።