ከሽንቴ የታጣው

ለልጃገረድ የቱ ይቀላታል፤ «አርግዛለች» መባሉ ነው ወይስ «ዘሯ በሽታ አለበት» መባሉ? ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ ይህን ግን ዛሬም መመለስ አልችልም።

ባለፈው ዓርብ ዓባይ ማዶ፣ ታናሽ እህቴ ሀያት ቤት ነበርሁ። የአራት ዓመት ልጇ የተጠበሰ በቆሎ ስትግጥ ቆይታ «አክስቴ፣ አመመኝ» ብላ ጭኔ ላይ ጣለችው። ፍሬው ላይ ደም አለ። የፊት ጥርሷን በጣቴ ነካ ባደርገው ተነቃነቀ። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ ቀላ ያለ፣ ሻካራ፣ የእኔን መዳፍ የሚመስል።

እኔንም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። አባታችን ጣና ዳር ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነበር። እጄና ውስጥ እግሬ እየደደረ ሲሰነጣጠቅ «ደንገሉ ነው፤ የባለሙያ እጅ አወጣሽ» ብሎ ይኮራብኝ ነበር። እውነት መስሎኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው እሠራ ነበር፤ የእርጥብ ደንገል ሽታ ዛሬም እሱን ይዞብኝ ይመጣል። ድዴ እየደማ ጥርሴ ሲረግፍ ግን ደንገል ሰበብ አይሆን፤ እናታችን «ከታንኳ ወድቃ ነው» ትል ጀመር። አፌን በሻሽ ሸፍኜ ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጅ ማቀፍ ሲጀምሩ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምት ላይ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያስገባልኝ የነበረ ሐኪም መዳፌን አየና ሥራውን አቆመ።

«እናትና አባትሽ ይዛመዳሉ?»

«የወንድማማች ልጆች ናቸው።»

«በሰው ሁሉ ሽንት ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን አለ። የጠረጠርሁት በሽታ ከሆነ አንቺ ዘንድ አይገኝም። በዘር የሚወረስ ነው። የጠዋት ሽንትሽን አምጪልኝ፤ ውጭ አገር ልኬ አስመረምረዋለሁ።»

በማግሥቱ ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ባጃጅ ተሳፈርሁ። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ አጠገቤ ተቀመጡ። ጉድጓድ ሲያነጥረን ፌስታሉ ረጠበ።

«ምን ይዘሽ ነው፣ ልጄ?»

«ሽንት ነው። ለምርመራ።»

«ውይ! እንግዲያው ስሙን ማን እንበለው?»

ባለባጃጁ ሳቀ። «ወንድ ከሆነማ በእኔ ስም ይጠራ!»

መግሪብ ሳይደርስ ሰፈሩ ሰማ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃኝ ነበር። ግን የሀያት ኒካህ ደርሷል፤ የዘር በሽታ ካለበት ቤት ማን ያገባል? ሆዴ ራሱ ይመሰክርልኛል፣ የዘር ስም ግን አይፋቅም ብዬ ዝም አልሁ። ለእናታችንም አልነገርሁ፤ እሷ ዘንድ ወሬ አያድርም። ሆዴ አልገፋም። «አስወረደችው» አሉ።

ሀያት ለአጎታችን ልጅ ተዳረች። ውጤቱ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ከሰው ሁሉ የማይጠፋው ከእኔ ታጥቷል። «በሕፃንነት ቢደረስበት ጥርስሽን ማትረፍ ይቻል ነበር» አለኝ ሐኪሙ። አባባ ስለ እርግዝናው ወሬ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ደንገል ይዤ ስጠጋው ብቻ «ተይው፣ እጅሽን ያበላሽብሻል» ይለኝ ጀመር፤ ያን ሲኮራበት የነበረውን እጅ። እስኪሞት አብረን ታንኳ አላሰርንም።

ዓርብ ዕለት ሀያት ሳህን ታጥብ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሴን ከአፌ አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋት፤ የልጇንም ጭምር። ጥርስ የሌለው አፍ ቃል ይውጣል፤ ቀስ ብዬ ነው የተናገርሁት። ሀያት ቧንቧውን ዘጋች።

«ታዲያ ያን ጊዜ አላረገዝሽም ነበር?»

እሷም እንደ ሰፈሩ አምና ኖራለች።

«አላረገዝሁም» አልኋት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልጅቷን ጠራቻት። አፏን አስከፍታ አተኩራ አየች።

«ነገ ጠዋት ሽንቷን እኔው እይዘዋለሁ» አለች። «ፌስታል አያስፈልገውም።»