ጨራሽ ዝም ያለበት ቀን

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ጨራሽ» ይለዋል። ደንበኛ ገና «ከጎን በኩል…» ከማለቱ፣ «ላሳጥርልህ፣ ከላይ ልተወው፣ ሚስትህም የምትወደው እንደዚያ ነው!» ብሎ ይጨርስለታል። አንዴ ሊያስነጥስ አፍንጫውን የነፋን ሰውዬ ቀድሞ «ይማርህ!» ቢለው፣ ሰውዬው ማስነጠሱን እርግፍ አድርጎ ተወው ይባላል።

የዚህ ሰው አንድ ልጁ ተብታባ ነው። እንግዲህ አስቡት።

ልጁ የጎረቤት ሞተር ሳይክል ሳያስፈቅድ ነድቶ አጥር ላይ ለጠፈው። ዕድሜው ታይቶ ቅጣቱ በገደብ ታገደለት፤ ፍርድ ቤቱ የመደባት ተቆጣጣሪ ዘንድ እየቀረበ ሪፖርት እንዲያደርግ ብቻ ታዘዘ። ልጁ ግን መቅረት ጀመረ። ገደቡ ተነሣበትና እንደገና ችሎት ቀረበ። ዳኛው ከመቅጣታቸው በፊት «የምትለው አለ?» ቢሉት፣ «እ… እ…» ሲል አባት ከኋላ ብድግ አለ።

«የለውም፣ ክቡር ዳኛ! ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ተጸጽቷል!»

መዝገቡ ላይ «ተከሳሹ የሚለው የለውም» ተብሎ ሰፈረ። ልጁ ታሰረ።

የልጁ ጠበቃ ይግባኙን የመሠረተችው በዚህ ላይ ነው፤ ቅጣት ሲወሰን የተሰማው ልጁ ሳይሆን አባቱ ነው። በቀጠሮው ቀን የችሎቱ በር ላይ አባትን ያዘችው።

«አባባ፣ ዛሬ ከተነፈሱ አለቀልን። ልጁ ራሱ…»

«ይናገራል! ገባኝ የኔ ልጅ!»

«ይኸው፣ ጨረሱልኝ!»

ችሎት ውስጥ የአባት ጉልበት መርገብገብ ጀመረ። አግዳሚ ወንበሩ የተቀመጠበትን ሰው ሁሉ ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው። ሰብሳቢዋ ዳኛ ልጁን ጠየቁት፦

«ተቆጣጣሪህ ዘንድ ለምን ቀረህ?»

«እ… እኔ… ከ… ከ…»

አባት ሆዬ ማለቂያውን በልቡ በዓይነት በዓይነቱ ደርድሯል፤ ከበሽታ፣ ከትራንስፖርት፣ ከጎርፍ ሳይቀር። ኮፍያውን አፉ ውስጥ ወተፈ። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ «ውሃ ላምጣልዎት?» አሉት። እንዲተዉት በዓይኑ ለመናቸው።

«ከ… ከአባቴ ጋር ነበር የምሄደው» አለ ልጁ። «ሁሉንም እ… እሱ ይመልስላታል። እኔ ብ… ብቀር ለውጥ ያለው አልመሰለኝም።»

ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን በመዝገቡ ከለሉት። ዳኞቹ ጥቂት ተመካክረው ወሰኑ፦ ቅጣቱ ተሽሯል፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ልጁን ራሱን ሰምቶ እንደገና ይወስን። እስከዚያ ግን ማረፊያ ቤት ይቆያል።

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ ሲወስደው ልጁ ዞረ።

«አባዬ፣ ለ… ለሚቀጥለው ቀጠሮ…»

አባት አፉን ከፈተ። ጠበቃዋ ክንዱን ጨበጠች። አባት አፉን ዘጋ። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣራውንም አየ። አባት ላብ በላብ ሆኖ ጠበቀ።

«…ና። ግን እ… እኋላ ተቀመጥ።»