ጠያቂ የበዛበት ቤት

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ውስጥ የእሜት ወለተ ሐናን ቤት ያህል ጠያቂ የሚበዛበት ቤት አልነበረም። እሜት ወለተ ሐና ቀኝ ጎናቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። አንድያ ልጃቸው ቢሆነኝ ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ በገባ በሳምንቱ፣ በረት ሲጠርጉ ወድቀው ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ከመደባቸው አልተነሡም። ዘመዶቻቸው የአርበኛ ወገን ተብለው እንዳይያዙ ገሚሱ ቆላ ወርዷል፣ ገሚሱ የት እንደደረሰ አይታወቅም። የቀረው ጎረቤት ነው። ጎረቤትም ይጠይቃል።

ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ፣ ከገበያ መልስ ይመጣሉ፣ ሥራ በሚፈታበት በዓል ሁሉ ይመጣሉ። መደቡ ሥር ተደርድረው «እግዜር ይማርዎ፤ ምሕረቱን ያውርድልዎ» ይላሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ። የተቀመጠ እንግዳ ደግሞ ጉሮሮው ደርቆ አይሸኝም፤ ጠላ ይቀዳለታል፣ ቆሎ ይቀርብለታል። ጠላውን የምትጠምቀው፣ ቆሎውን የምትቆላው፣ ሰዉ ሲሄድ ዋንጫውን የምታጥበው የቢሆነኝ ሚስት ታንጉት ናት። ጠያቂዎቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድም ክፉ አልነበረባቸውም። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ በር ይዘጋባቸው ነበር።

ታንጉት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያያት ሰው ግን አርባ ይሰጣታል። አማቷን በቀን አራት ጊዜ ታገላብጣቸዋለች፤ ካላገላበጠቻቸው ገላቸው ይቆስላል። ቁስሉን በሞቀ ውኃና በጨው ታጥባለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ የሚተኙበትን ጀንዲ ታራግፋለች፣ ጨርቁን በእንዶድ ልታጥብ ወንዝ ትወርዳለች፣ ከዚያ ትፈጫለች። ስትተኛም ተኛች አይባልም። የመቀነቷን አንድ ጫፍ በራሷ እጅ፣ ሌላውን በአሮጊቷ ደህና እጅ ላይ ታስረዋለች። ሲሹ ይስቡታል፤ እሷም ትነሣለች።

ታንጉትን የሚያናግራት ሰው የለም ማለት ሐሰት ነው። «እንደት አደሩ?» ይሏታል። አንቱ ያሏት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አማቷ ነው። የንስሐ አባቷ አባ ገብረሰንበትም ጠላቸውን ጨርሰው ሲነሡ ሁልጊዜ «አይዞሽ ልጄ፤ ዋጋሽ ከሰማይ ነው» ይሏታል። አሜን ትላለች። በልቧ ግን ከሰማዩ ዋጋ ላይ ተቀንሶ አንድ እንስራ ውኃ ቀደም ብሎ ቢላክላት ትመርጥ ነበር። ይህን ማሰቧ ኃጢአት መስሎ ስለታያት ለንስሐ ያዘችው፤ ንስሐ አባቷ እኒያው አባ ገብረሰንበት ናቸውና አፍራ ሳትናገረው ቀረች።

የእሜት ወለተ ሐና ምላስ ተሳስሯል። ሲናገሩ ለሌላው ሰው የሚፈላ ገንፎ ድምፅ ነው፤ የሚገባው ለታንጉት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ሁሉ ጆሯቸውም አብሮ የሞተ ይመስለው ነበር። ከአጠገባቸው ተቀምጦ የማያወራው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ታንጉት ቁስላቸውን ስታጥብ አሮጊቷ አንገታቸውን መለስ አድርገው፣ «እናትሽ ታማለች» አሉ።

«የኔ እናት?»

«የማንኩሳዋ። ሦስት ሳምንት ሆናት። ወንድምሽ ታከለ ሊነግርሽ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መለሱት።»

«ማነው የመለሰው?»

«ሁሉም።»

ታንጉት እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረች። በአገራችን ክፉ ወሬ ዝም ተብሎ አይነገርም፤ ጊዜ ይጠበቅለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። መንደሩም በዚሁ ደንብ ተሰብስቦ መክሯል። ይች ልጅ ከሄደች አሮጊቷን ማን ያያል? ሳትሄድ ብትሰማ ደግሞ ትጨነቃለች፤ ስለዚህ ባትሰማ ይሻላል። ምክሩ መልካም ምክር ነበር፤ ከታንጉት በቀር ያልተጠራበት ሰው አልነበረም።

ጎረቤቷን ደስታነሽን ሄዳ ጠየቀቻት። ደስታነሽ መሬት መሬት አየች።

«አንችን ላለማስጨነቅ ብለን እኮ ነው» አለች።

እኔን ላለማስጨነቅ ነው ወይስ እናንተ ላለመጨነቅ? ልትላት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ታንጉት ለቁጣ የሚተርፍ ጉልበት አልነበራትም። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

«ሂጅ» አሏት አማቷ።

«እርስዎንስ ማን ያገላብጥዎ?»

«ሊጠይቁኝ የሚመጡት ያገላብጡኝ።»

«እሜቴ፣ ይህን እኔ እንደት ብዬ እነግራቸዋለሁ? የእርስዎን አፍ የምፈታው እኔ ብቻ ነኝ። ከራሷ ፈጥራ ነው የምታወራው ይሉኛል። አሮጊቷን ጥላ ልትሸሽ ነው ይሉኛል።»

እውነቷን ነበር፤ ይሏታል።

በማግስቱ የሚካኤል ዕለት ጠያቂው እንደ ልማዱ መጣ። አባ ገብረሰንበት መጡ፣ ደስታነሽ መጣች፣ ከታች ቤት ያለው ባዬም ሚስቱን አስከትሎ መጣ። ታንጉት ጠላውን ቀድታ ስታበቃ የአማቷን አጥሚት ይዛ ቀረበች። አሮጊቷ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ደግማ አቀረበች፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሦስተኛ ስታቀርብ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ወየው፣ ቀናቸው ደረሰ» አለች የባዬ ሚስት።

ቀናቸው አልደረሰም። እሜት ወለተ ሐና ግራ እጃቸውን አውጥተው የአጥሚቱን ጣባ ጠርዝ ያዙና ከታንጉት እጅ ገፍተው ወደ ደስታነሽ አስጠጉት። ደስታነሽ ደንግጣ ተቀበለች። ብታጎርሳቸው ዋጡ። ሁለተኛም ዋጡ። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ወደ ታንጉት፣ ቀጥሎ ወደ በሩ ጠቆሙ። ቆዩ፤ ደግመው ጠቆሙ። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻም።

አባ ገብረሰንበት ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። ታንጉትን ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት፤ የተሰነጣጠቀውን እጇን፣ የገጠጠውን የአንገት አጥንቷን፣ ወገቧን ይዛ መቆሟን አዩ።

«ልጄ፣ አንችስ እንደምን ነሽ?» አሉ።

በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ታንጉት እግዜር ይመስገን ልትል ነበር፤ አፏ ሌላ አወጣ።

«ደክሞኛል አባ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጨ ጠላሽን ጠጣሁ» አሉ አባ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «ሂጅ ልጄ። እናትሽን እይ። የዚህ ቤት ነገር በኛ ይሁን።»

ደስታነሽም ዕንባዋን እየጠረገች፣ «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ» አለች። ተረቱን ሁለት ዓመት ሙሉም ታውቀው ነበር።

ታንጉት በማግስቱ ማልዳ ወጣች። አውራ ጎዳናውን የጣሊያን ካሚዮን ስለሚመላለስበት ትታው በማሳው መሐል፣ በወንዙ ዳር ዳር ሄደች። ጀርባዋ ላይ ሸክም የለም፣ እጇ ባዶ ነው፤ አንድ ነገር ረስታ የወጣች እየመሰላት ሦስት ጊዜ ዞራ አየች። ያቺ ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው፣ ያኔ ወጀት የነበረችው፣ ከማንኩሳ ወዲያ ማዶ ናት፤ እናቷ በልጅነቷ ወደዚያ ገበያ ሲወስዷት ደከመኝ ስትል ያዝሏት እንደነበር መንገድ ላይ ትዝ አላት። ያን ማሰብ እንኳ አደከማት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረሰች። እናቷ እህተ ማርያም ከስተው ከቁርበቱ ጋር ተጣብቀዋል። ዓይናቸው ግን ደህና ነበር። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«እኔስ ታምሜ ነው የከሳሁት» አሉ። «አንች በምን ከሳሽ?»

«ምንም አልሆንሁ እማዬ። አንች እንደት ነሽ?»

«ነይ፣ እዚህ ጋደም በይ።»

«ልይሽ እንጂ ልተኛ ነው የመጣሁት?»

«ተኝተሽ እይኝ።»

ታንጉት ከጎናቸው ጋደም አለች። እጇ ሳታዘው የመቀነቷን ጫፍ በእናቷ እጅ ላይ፣ ሌላውን በራሷ ላይ አሰረች። «ስትፈልጊኝ ሳቢው» አለች። «እሺ ልጄ» ሲሉ ሰማች። ከዚያ ወዲያ የሰማችው የለም።

ስትነቃ ፀሐይ በበሩ ገብታ ምሰሶው ሥር ደርሳለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ራሳቸውን ይዘዋል፣ ሁሉም እሷን ያያሉ፤ የሚያለቅስ ግን የለም። ነጠላ ተዘቅዝቆ ለቅሶ የሌለበት ቤት ታንጉት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። መቀነቷን አየች። በእሷ እጅ ያለው ጫፍ እንደታሰረ ነው፤ ሌላው ጫፍ ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ራስጌዋ ተቀምጧል።

«ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ነው» አላት ወንድሟ ታከለ።

«ለምን አልቀሰቀስኸኝም! ለምን!»

«አደራ ብላ ነው። መቀነቱን ራሷ ናት የፈታችው። ‹ልጄ እንቅልፍ ጠግባ ሳትነቃ አንድ ሰው እንዳያለቅስብኝ› አለች። ሰዉ ይኸው እስከ አሁን አንችን ይጠብቃል።»

ያኔ ታንጉት ጮኸች። ቤቱም ተከትሏት ጮኸ።

ሣልስቱ ሲወጣ ወደ አማቷ ተመለሰች። ከበሩ ጎን ሁለት እንስራ ውኃ ሞልቶ ቆሟል፤ አባ ገብረሰንበት በአህያ ጭነው ራሳቸው ነድተው አምጥተውት መንደሩ ሲስቅ ሰንብቷል። ደስታነሽ ወገቤን እያለች መደቡ ሥር ተቀምጣለች። አሮጊቷ ንጹሕ ጨርቅ ለብሰው በጎናቸው ተኝተዋል።

ታንጉትን ሲያዩ ደህና እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድ ነገርም አሉ።

«እግዜር ያጽናሽ ነው የሚሉሽ?» አለች ደስታነሽ።

«አይደለም» አለች ታንጉት። «‹ተኛሽ ወይ?› ነው የሚሉኝ።»

ተንበርክካ ግንባሯን በተዘረጋው እጅ ላይ አኖረች። «ተኝቻለሁ እሜቴ» አለች።