የሐጂ ከድርን ካሚዮን እንዴት እንደተረከብኩ

የሐጂ ከድር ካሚዮን ጥያን ማለፉን የሰማሁት የበርበሬ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ወሬውን ያመጣው ዘበርጋ የሚባል ተሸካሚያችን ነበር። ገና ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣

«እትዬ የሺ! ነይ ውረጂ! ካሚዮኑ ጥያን አልፏል! በበቅሎ የቀደመው ሰው ነገረኝ!» አለ።

«በበቅሎ ተቀድሞ ነው እንዴ ካሚዮን የሚባለው?»

«ሰው እንዲያየው ቆሞ ነው እንጂ! የጥያ ሰው እየዞረ ሲዳስሰው!»

ሳቅሁ። ከክምሩም ወረድኩ። የዚያን ቀን በርበሬ ትቼ ካሚዮን እንድረከብ ታዝዤ ነበር፤ በዚያ ሥራ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። «እመቤቴ፣ ዛሬን አታሳፍሪኝ» ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ።

ሀገሬ ጎጃም ነው። ባለቤቴ ከጣሊያን ጦርነት ሳይመለስ ቀረና እሱን ፍለጋ ወጥቼ ቡታጅራ ላይ ቀረሁ። ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ከድር በግቢያቸው አስጠጉኝ፤ ተረካቢም አደረጉኝ።

ተረካቢ ማለት ገበሬው ከመስቃን ያመጣውን በርበሬ ከከረጢቱ አፍስሶ የሚያይ ሰው ነው። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ የሆነ ከረጢት ስንት አይቻለሁ! ደረቁን ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። የሥራው ፊደል ደግሞ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቆም ነው። ነፋሱ በበርበሬው በኩል የሚመጣበት ሰው ሲያለቅስ ይውላል።

ካሚዮኑን ሐጂ ያዘዙት አዲስ አበባ ከነበረ ጣሊያን ሻጭ ነው፤ ለዚሁ ብለው በቅሎዎቻቸውን ሁሉ ሸጠዋል። ካሶኒው፣ ማለትም የጭነቱ ሣጥን፣ በእኛ ሥራ ልክ እንዲሠራ ነገሩ። ከሾፌሩ ጀርባ ለገበያተኛ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ኋላ የበርበሬ ቦታ፣ ከላይ ሸራ፣ ከፊት ደግሞ ነፋስ የሚያስገባ መስኮት። አንዴ አውራ ጣታቸውን የርክክቡ ወረቀት ላይ ካኖሩ መመለስ የለም ተብሏል። በጣሊያን ጊዜ ጣሊያንን ለማን ይከሷል?

በዋዜማው ሐጂ ጠሩኝ። «የሺመቤት፣ በርበሬ ስትረከቢ አትቸኩይም። ይኼንንም አንቺ እይልኝ። አንቺ እሺ ስትይ ጣቴን አኖራለሁ። ብታሳስቺኝ ግን፣ ወላሂ፣ በዚህ ግቢ ቦታ የለሽም።»

ቃላቸው እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። ከዚያ ግቢ ብወጣ መሄጃ አልነበረኝም።

ካሚዮኑ ገበያው መካከል ገባ። የሚነዳው ተክሌ የሚባል የሶዶ ሰው ነው። አጠገቡ የሻጩ ወኪል ተቀምጧል፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ጣሊያን፣ የገበያ አማርኛ የሚሞካክር። ወረቀቱን ከደረቱ አውጥቶ ይዞታል።

እኔ ግን ቀሚሴን ሰብስቤ ከካሚዮኑ ሥር ገባሁ። ተክሌ የየዕቃውን ስም እየነገረኝ ሁሉንም ዳሰስኩ። ባሌስትራው፣ ካሚዮኑን የሚሸከመው የብረት ሞላ፣ ስንጥቅ የለበትም። ክሪኩ፣ ማንሻው፣ በቦታው ነው። ስኮርታው፣ ትርፉ ጎማ፣ እንደሌሎቹ አዲስ ነው። ቀለሙም ያዘዝነው አረንጓዴ ነው። ሕዝቡ «እሰይ!» ይላል።

ከዚያ ካሶኒው ላይ ወጣሁና ደንግጬ ቆምኩ። አግዳሚዎቹ በስተኋላ ተሠርተዋል። የበርበሬው ቦታ ከፊት፣ ከመስኮቱ ሥር ነው።

«ይኼ ተገላብጧል» አልኩ።

ወኪሉ ሳቀ። «ሰው ከኋላ ጥሩ ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል። እኛ አሻሻልን። ዋጋ አልጨመርንም።»

«እውነቱን እኮ ነው፣» አሉ ሐጂ። «ሽማግሌዎች ለዱዓ ተቀምጠዋል፣ በጉ ታርዷል። ለአግዳሚ ብለሽ ልታስቀሪን ነው?»

«ሐጂ፣ በርበሬ ሳላፈስ ተረክቤልዎት አውቃለሁ?»

«የለም።»

«ካሚዮንም ቆሞ አልረከብም። ይጫንበት፣ ሰው ይቀመጥበት፣ ይሂድ። ያኔ እሺ እላለሁ።»

ሐጂ ወኪሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «በርበሬ አምጡ!» አሉ።

ተጫነ። ገበያተኛው በነፃ ነው ሲባል ተጋፍቶ ወጣ። ወኪሉ ከተክሌ ጎን ገባ፤ እስከ ወንዙ ደርሰው ሊመለሱ ሄዱ።

ሲመለሱ ከሞተሩ ድምፅ በፊት የሰማነው ሳል ነው። ነፋሱ በመስኮቱ ገብቶ፣ በከረጢቶቹ ላይ አልፎ፣ የበርበሬውን ብናኝ ሰው ፊት ላይ ሲበትን ነው የመጣው። መጀመሪያ የወረደችው አንዲት ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ ዓይኗ ፍም መስሏል።

«ውይ ዓይኔን! ሐጂ፣ ለቀብር ነው ብትሉን ኖሮ ከቤታችን አልቅሰን እንመጣ አልነበር?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ወኪሉ ግን አልሳቀም። «ይህ ሁሉ ሰው ያስመስላል» አለና ወረቀቱን ለሐጂ ዘረጋ። የዚያን ጊዜ ሰው ለትንሽ ነገር ይታሰር ነበር።

ሴትዮዋ ግን አልፈራችም። «እኔ አስመሳይ? ይውጣና ይየዋ!» አለች።

ይህን ስሰማ ድፍረት መጣልኝ። «ጌታዬ፣ እስቲ እርስዎ ይቀመጡበት» አልኩት።

«ሕጉ ከእናንተ ጋር እንድቀመጥ አይፈቅድም።»

«ሕግማ ይከበር። እኛ ሁላችን እንወርዳለን፤ ለብቻዎ ይቀመጡ።»

ከጎኑ ተቀምጦ ሲነዳው የመጣው ተክሌ መሬት መሬት አየ። ወኪሉ ፊቱ ቀላ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ወጣ፤ አግዳሚው ላይ መሐረቡን አንጥፎ ተቀመጠ። «ቀስ ብለህ ንዳ» አለው ተክሌን።

«እሺ ጌታዬ» አለ ተክሌ። ቀስ ብሎ ግን አልነዳም።

ተመልሰው ሲቆሙ ወኪሉ አነጠሰ። አንድ ሽማግሌ በልማድ «ይማርህ!» አሉ። ደግሞ አነጠሰ። ግማሹ ገበያ «ይማርህ!» ሲል ግማሹ «የርሐሙከላህ!» አለ። እሱ ባነጠሰ ቁጥር ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀባበለው። እንደዚያ ያለ ምርቃት ያገኘ ጣሊያን በዚያ አገር አልነበረም።

እጁን ወደ ዓይኑ ሲሰድ ጮህኩ። «አይሹት! እጅዎ በርበሬ ነክቷል!» በቅል ውኃ አምጥቼ ፊቱን አስታጠብኩት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወታደር ይጠራ ይሆን እያልኩ በልቤ ዳዊት እደግማለሁ።

በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተ። «ሲኞራ፣ ልክ ነሽ። ይመለስ፤ እናስተካክላለን» አለ።

ካሚዮኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ባዘዝነው መልክ ተሠርቶ ሲመጣ ደግመን ጫንነው፣ ደግመን ነዳነው። ገበያተኛው እየዘፈነ ወረደ። ሐጂም እኔን አይተው፣ «እሺ?» አሉ። «እሺ» አልኩ። አውራ ጣታቸውን አኖሩ። «ከዛሬ ወዲያ በእጅሽ ሳያልፍ እዚህ ግቢ የሚገባ ዕቃ የለም፤ ግቢውም ያንቺ ነው» አሉኝ።

ወሬው ወልቂጤ ደርሶ የዚያም ነጋዴዎች ካሚዮን ሲያዝዙ ያስጠሩኝ ጀመር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚሁ ሥራ በሰው ሀገር አረጀሁ።

ይህን ሙያ ለያዛችሁ ልጆች የምላችሁ አጭር ነው። ዕቃን በሚሠራው ሥራ ላይ ሳታዩት አትረከቡ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያቺን ቅቤ ሻጭ ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም፤ ስሟንም አልጠየቅኋት። እሷ ቀድማ ባትናገር እኔ በወኪሉ ፊት አፌን አልከፍትም ነበር። እስላም ትሁን ክርስቲያን አላውቅም። ዛሬም በጸሎቴ «ያቺ ቅቤ ሻጭ» እያልኩ ነው የማነሳት። ያን ቀን ካሶኒው ላይ ከነበሩት ወይም ከልጆቻቸው የምታውቋት ካላችሁ፣ እባካችሁ ስሟን ንገሩኝ።